ከጉሮሮዎ የተነሣው ምስል አማና ነው



ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር ወደ ቤታችን ሲመጣ ጥያቄያችን ብዙ ነው። «ያድናል ወይ? ስንት ቀን ያስተኛል? ወጪው ስንት ነው? ደም የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል ወይ?» እንላለን። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን እምብዛም ስለማይጠየቅ አንድ ጉዳይ እንወያያለን። ሕመምተኛው በሰመመን ተኝቶ ሳለ ወደ ጉሮሮው የሚገባ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ አለ። ያ ካሜራ ያነሣው ምስል ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ የት ይሄዳል? ማን ያየዋል? መቼስ ይጠፋል?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ምስሉ የሚጠቅም ከሆነ በሕመምተኛው የሕክምና ካርድ ውስጥ ይቀመጥ፤ የማይጠቅም ከሆነ ይጥፋ። በመሣሪያው ውስጥ ተረስቶ፣ በፍላሽ ተገልብጦ ወይም በአንድ ሰው ሞባይል ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ምስል ግን ለታማሚው አይጠቅመውም፤ ምስጢሩንም አይጠብቅለትም።

መሣሪያው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ሙሉ ሰመመን ሲሰጠውና ጡንቻን የሚያዝናና መድኃኒት ሲወስድ በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው ቀጭን የላስቲክ ቧንቧ በአፉ በኩል አድርጎ፣ በሁለቱ የድምፅ አውታሮች መካከል አሳልፎ ወደ አየር ቧንቧው ያስገባል። የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ጎን ለጎን ናቸው። የላስቲኩ ቧንቧ ተሳስቶ ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባና ቶሎ ባይታወቅ፣ ኦክሲጅኑ ወደ ሆድ ይሄድና በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይጎዳል፤ ሕይወትም ያልፋል።

መንገዱን አይቶ ለማስገባት የሚያገለግለው መሣሪያ ላሪንጎስኮፕ ይባላል። ምላስን ወደ ላይ የሚያነሣ፣ መብራት ያለው የብረት ማንኪያ መሰል ነገር ነው። እስከ ዛሬ በስፋት የምንጠቀምበት ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዝ አገር በዶክተር ሮበርት ማኪንቶሽ የተዋወቀው ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጡን የሚያየው የያዘው ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ ዶክተር ጆን ፔሲ የተባሉ ካናዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም «ግላይድስኮፕ» የተባለውን ለገበያ አበቁ። ጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራ ስላለው የጉሮሮው ውስጥ በስክሪን ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ብዙ ዓይነቶች ወጡ። በጥቅሉ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ይባላሉ።

ቧንቧ ወደ ጉሮሮ ማስገባት ራሱ አዲስ አይደለም። ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው ከወርቅ ወይም ከብር የተሠራ ቧንቧ ወደ ጉሮሮው ስለማስገባት ጽፈዋል። አዲሱ ነገር መታየቱና መቀረጹ ነው።

ካሜራው ለታማሚው ይጠቅማል? አዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ በጽኑ የታመሙ 1,417 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ቧንቧው በመጀመሪያው ሙከራ የገባላቸው በካሜራው ከ100 ሰዎች 85፣ በቀድሞው መሣሪያ ከ100 ሰዎች 71 ያህል ሆነው ተገኙ። ለታመመ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ መሳካት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ተነሥተው «ካሜራ ካለው አልታከምም» እንዳይሉ ከወዲሁ አደራ እንላለን። ጥያቄያችን በመሣሪያው ላይ አይደለም፤ ጥያቄያችን መሣሪያው በሚያስቀረው ምስል ላይ ነው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ያሳያሉ እንጂ አይቀርጹም። ብዙዎቹ ግን አንዲት ቁልፍ ስትጫን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ያስቀራሉ። የሚያስቀሩትም በውስጣቸው ባለ ሚሞሪ ወይም በሚሰካ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ላይ ነው። የማይቀርጸው መሣሪያ ሲሆን ደግሞ አንዱ ባለሙያ ሞባይሉን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ ሊያነሣ ይችላል። እኛን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበን ይህ የመጨረሻው ነው።

ምስሉ ለእርስዎ ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ብዙ እናቶችን የሚያጠቃውን እንቅርት እንውሰድ። እንቅርቱ ሲያድግ የአየር ቧንቧውን ወደ ጎን ሊገፋው ወይም ሊያጠብበው ይችላል። ለሰመመን ባለሙያው ይህ አስቸጋሪ መንገድ ነው። ዛሬ በብዙ ድካም ቧንቧው ከገባላት በኋላ፣ ይህች እናት ከአምስት ዓመት በኋላ ለሌላ ሕመም በሌላ ከተማ ኦፕራሲዮን ብትሆን፣ አዲሱ ባለሙያ ችግሩን ከየት ያውቃል? በካርዷ ላይ ጥርት ያለ ምስልና «በዚህ መጠን ቧንቧ፣ በዚህ ዓይነት መሣሪያ፣ በሁለተኛው ሙከራ ገባ» የሚል ማስታወሻ ካለ ግን አስቀድሞ ይዘጋጃል። ይህ ሕይወት የሚያድን መረጃ ነው።

የእንቅርት ኦፕራሲዮን ሌላም ጉዳይ አለው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች የሚያልፉት ከእንቅርቱ ዕጢ ጀርባ ነው። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ነርቩ ከተነካ ድምፅ ሊጎረንን ይችላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቀጭን ካሜራ የድምፅ አውታሮቹ እንቅስቃሴ ታይቶ ተቀርጾ ከነበረ፣ በኋላ ከሚነሣው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ጉዳቱ በፊትም የነበረ ነው ወይስ አሁን የመጣ? ለመዳኘት የሚያስችለው ያ ቀረጻ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ትምህርት ነው። ተማሪዎች የአየር ቧንቧን መንገድ በሕይወት ካለ ሰው ምስል ሲማሩ ነገ እኛን በተሻለ ያክማሉ። ፈቅዶ ለትምህርት መስጠትም በጎ ሥራ ነው። የምንለው «ፈቅዶ» የሚለው ቃል አይዘለል ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

«የጉሮሮ ሥጋ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ከንቱ ክርክር አይደለም። የብሪታንያ ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል እንኳ በመመሪያው የውስጥ አካልን ምስል፣ ራጅንና አልትራሳውንድን ለብቻ ፈቃድ ከማያስፈልጋቸው ቀረጻዎች ጋር መድቧቸዋል። ሆኖም ለሌላ ዓላማ ሲውሉ ማንነትን የሚገልጥ ነገር ሁሉ መወገድ እንዳለበትም ያስጠነቅቃል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማንነትን የሚገልጠው ሥጋው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው።

አንደኛ፣ ቀረጻው የሚጀምረው ሁልጊዜ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም። ካሜራው ከውጭ ሳለ ከተከፈተ ፊትን፣ የተገለጠ ፀጉርን፣ አንገትንና ደረትን እየቀረጸ ይገባል፤ ሲወጣም እንደዚሁ። ሒጃቧን አውልቃ በሰመመን ለተኛች እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዐውራዋ ለሕክምና ሲባል በአስፈላጊው መጠን ቢገለጥ ዶሩራ ነው፤ ቀረጻው ውስጥ መቅረቱ ግን ለሕክምናዋ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ በሞባይል ሲቀረጽ ድምፅም አብሮ ይገባል። በኦፕራሲዮን ክፍል የታማሚው ስም፣ የሕመሙ ዓይነት፣ አንዳንዴም ስለ እርሱ የሚነገር ነገር ይሰማል።

ሦስተኛ፣ ከምስሉ ሥር የሚጻፈው ነው። «የ40 ዓመት ሴት፣ ትልቅ እንቅርት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በእገሌ ሆስፒታል» ተብሎ ለሥራ ጓደኞች በቴሌግራም ቢላክ፣ በትንሽ ከተማ ማን እንደሆነች ለማወቅ ስሟ አያስፈልግም። ጎረቤት፣ የመድረሳ ጓደኛ፣ የገበያ ደንበኛ ሁሉ ይለያታል። በአሜሪካ «ሂፓ» በሚባለው ሕግ ሥር የወጣው የምስጢር ደንብ ሙሉ የፊት ፎቶን ብቻ ሳይሆን ሰውየው ሆስፒታል የገባበትን ቀን እንኳ ከማንነት መለያዎች የቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

የተረሳ ምስል ጉዳቱ

ሚሞሪው ውስጥ ምስሉ ዝም ብሎ ሲከማች ምን ይሆናል? መሣሪያው ሲበላሽ ከነምስሉ ለጥገና ይወጣል። ፍላሹ ለሌላ ሥራ ተብሎ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዞራል። «አጥፋ» የሚለውን መጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙን ከዝርዝሩ ይሰርዛል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ምስሉን መልሶ ማውጣት ይቻላል። ሞባይል ላይ ያለው የባሰ ነው። ስልኩ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይልካል። ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ የቤት ልጅ ይጫወትበታል።

ሌላ ብዙዎች ያላሰቡት አደጋም አለ። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ምስሉን የሚሰይመው በቀንና በሰዓት ነው። ሰዓቱም የፈረንጅ ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። መሣሪያው «ኦክቶበር 15 ቀን 2025፣ 14:30» ሲል፣ ነርሷ በካርዱ ላይ «ጥቅምት 5 ቀን 2018፣ 8:30» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሆኖም በዚያ ቀን ሰባት ሰዎች ኦፕራሲዮን ሆነው ከነበረ፣ ከሳምንት በኋላ ምስሉን ወደ ካርድ ለማስገባት የሚቀመጥ ሰው የአንዱን ለሌላው ቢያደርግ አይፈረድበትም። የመሣሪያው ሰዓት ባትሪው አልቆ ተዛብቶ ከሆነማ ጭራሽ መለየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት «መንገዱ ቀላል ነው» የሚል የሌላ ሰው ምስል በእርስዎ ካርድ ውስጥ ቢገባ፣ ነገ የሚያክምዎ ባለሙያ ሳይዘጋጅ ይገባል። የተሳሳተ ምስል ከሌለ ምስል ይብሳል።

ሕግም አደብም

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። በተጨማሪም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች አንዱ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ ስለ እነርሱ የተያዘውን መረጃ ግልባጭ መጠየቅ ይችላሉ።

ይህ ደግሞ ከሕጉም በፊት በሕክምና አደብ የሚታወቅ ነው። አቡበክር አር-ራዚ ስለ ሐኪም ሥነ ምግባር ለተማሪያቸው በጻፉት ደብዳቤ የታማሚን ምስጢር መጠበቅን አጥብቀው አሳስበዋል። ኢስሐቅ ኢብን ዐሊይ አር-ሩሃዊ ደግሞ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «አደብ አጥ-ጠቢብ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሐኪም የታማሚውን ሁኔታ በየጊዜው እንዲጽፍ፣ ጽሑፉም በኋላ በሌሎች ሐኪሞች እንዲመረመር ይመክራሉ። ሁለቱን አብረን ስናያቸው መልእክቱ ግልጽ ነው። መዝግብ፤ ግን ምስጢሩን ጠብቅ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ስለዚህ «ይጥፋ» ስንል ጥንቃቄ እንጨምራለን። ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚጠፋ የሚወስነው ደንብ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተጽፎ መገኘት አለበት። ሥራው ከተበላሸ በኋላ፣ ታማሚው ከተጎዳ ወይም ነፍሱ ካለፈች በኋላ «ምስጢር ለመጠበቅ ነው» ብሎ ቀረጻን ማጥፋት አማናን መብላት ነው። ቤተሰብ «ወገናችን ምን ሆኖ ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅ ምስሉ ለእውነት መመስከር አለበት፤ ለሐኪሙም ቢሆን ነጻ የሚያወጣው ምስክር ሊሆን ይችላል። ሟችም ክብር አለውና ምስሉ ከካርዱ ወጥቶ ለማንም መታየት የለበትም።

ለሐኪሞቻችንና ለሆስፒታል ኃላፊዎች

ይህን ዓምድ የሚያነቡ ብዙ የሕክምና ባለሙያዎች እንዳሉ እናውቃለን። ሥራችሁ ከባድ፣ ጊዜያችሁም አጭር ነው። የምንጠይቃችሁ ትልቅ ወጪ የማይጠይቁ ነገሮችን ነው።

1. ቀረጻው አፍ ውስጥ ከተገባ በኋላ ይጀመር፤ ከመውጣቱ በፊት ይቁም።

2. መሣሪያው የሚቀርጽ ከሆነ ምስሉ በዚያው ቀን፣ ታማሚው ከክፍሉ ሳይወጣ፣ በካርድ ቁጥሩ ተለይቶ ይተላለፍ። ከተላለፈ በኋላ ከመሣሪያው ይጽዳ።

3. የመሣሪያው ቀንና ሰዓት በየሳምንቱ ይታይ። በካርዱም ላይ የመሣሪያው ሰዓት እንዳለ ይጻፍ።

4. የግል ሞባይል በዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ። ምክር ለመጠየቅ በእርግጥ ካስፈለገ፣ ሆስፒታሉ ራሱ ያዘጋጀው ስልክና መንገድ ይኑር።

5. ለትምህርት የሚፈለግ ምስል የታማሚው ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅበት። እምቢ ያለ ሰው ሕክምናው እንደማይጓደልበት ይነገረው።

ሞባይልን በመከልከል ብቻ ነገሩ እንደማይፈታም እንረዳለን። ወጣቱ ሐኪም ሌሊት ብቻውን ሆኖ የሚያማክረው ሰው ሲያጣ ፎቶ አንሥቶ ለታላቁ ቢልክ ታማሚውን ለማዳን ብሎ ነው። እርሱን ከመውቀስ በፊት ሌላ መንገድ ማዘጋጀት የኃላፊው ግዴታ ነው።

እርስዎስ ምን ያድርጉ?

ብዙዎቻችን ይሉኝታ ይይዘናል። «ሐኪሙን ላስቀይመው ነው? ነገ በእጁ የምወድቀው እኔ!» እንላለን። በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ግን ሐኪምን አያስቀይምም። ጥያቄው የሚቀርበው በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሰመመን ባለሙያው መጥቶ ሲያነጋግርዎ ነው። እንዲህ ይበሉ፦

«ዶክተር፣ አላህ ይስጥልኝ። ቧንቧውን የሚያስገቡልኝ በካሜራ ነው? ይቀረጻል ወይ? የሚቀረጽ ከሆነ ካርዴ ውስጥ እንዲገባልኝ፣ ከዚያ ውጭ እንዳይሄድ እጠይቃለሁ።»

እህቶች «ፀጉሬ በኦፕራሲዮን ቆብ ተሸፍኖ ይቆይልኝ፤ ፊቴም እንዳይቀረጽ» ብለው መጨመር ይችላሉ። ራስዎ መናገር ከከበደዎ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም እህትዎ ይናገሩልዎት። የፈቃድ ወረቀት ሲሰጥዎ ስለ ፎቶና ቪዲዮ የሚል መስመር ካለበት ሳይነበብልዎ አይፈርሙ። ለሕክምናው ፈቅደው ለትምህርት ቀረጻው አለመፍቀድ መብትዎ ነው።

ሲወጡም አንድ ነገር ይጠይቁ። «ቧንቧው ሲገባ አስቸግሮ ነበር ወይ?» ይበሉ። አስቸግሮ ከነበረ ይህንኑ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያጽፉና ከሌሎች የሕክምና ወረቀቶችዎ ጋር ያስቀምጡ። ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ካሉዎትም ግልባጩን ይዘው እንዲሄዱ ያድርጉ። ሆስፒታል ሲለወጥ ካርዱ አብሮ አይሄድም፤ ደብዳቤው ግን በሻንጣ ይሄዳል።

ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። መተንፈስ ያቃተው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ምስል መከራከር አይገባም። ሐኪሙ ያለ ምንም መዘግየት ባለው መሣሪያ ሕይወት ያድን። ስለ ምስሉ የሚጠየቀው ታማሚው ሲነቃ ወይም ቤተሰቡ ሲረጋጋ ነው።

በመጨረሻም፣ በዎርድ ውስጥ ፎቶ የሚያነሡት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ልንጠይቅ የምንሄደው እኛው ነን አልጋ ላይ የተኛን ሰው፣ በአፉ ቧንቧ ገብቶለት፣ «ዱዓ አድርጉለት» ብለን ፎቶውን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ የምንልከው። ዱዓው መልካም ነው። ለዱዓው ግን ስሙ ይበቃል፤ ፎቶው አያስፈልግም። ከሐኪሙ የምንጠብቀውን አማና በቅድሚያ እኛው በእጃችን ባለው ሞባይል እንጠብቅ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሽፋእን ይስጥልን፤ ምስጢራችንን የሚሸሽጉ፣ አማናን የሚጠብቁ ሐኪሞችን ያብዛልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካትሁ።